ሰም ያልገባበት ቅባት

አቦቦ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብኔር

ከአገር የወጣህበትን ቀን የጠበቀ አምላክ የምትመለስበትንም ይጠብቅልን። እንዴት ከርመሃል? እናትህ በገና ማግስት ደውላልኝ ደህና መሆንህን ነግራኛለች። እኛም ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። ሃያ ስምንት ዓመት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሳዋልድ ኖሬ እንደ ማንጎ ጠባቂነት የሚያደክም ሥራ አላየሁም።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ የስልክ ወሬ ደግሞ ሰሚው ብዙ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሊና ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ስለምትሠራ፣ ይህን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥታ በፖስታ ታስልክልኛለች። መልስህንም በእሷ ፖስታ ሣጥን ላከው።

ጉዳዬ የተክሌ ሽጉጥ ነው። ታስታውሳታለህ፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ከጎሬ የገዛት፣ እጀታዋ የተሰነጠቀ አሮጌ ስድስት ጎራሽ። እሱ ሲሞት ፈቃዷን ወደ ስሜ አዙሬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ዘንድሮ ዝንጀሮ ማንጎውን ሳይበስል እየጨረሰብኝ ስለሆነ ለማስደንገጥ ብዬ አወጣኋት። ጥይቷን ተክሌ ራሱ ነበር እቤት የሚያዘጋጀው። ጥቁር ባሩዱ በጠርሙስ፣ እርሳሱ በጣሳ፣ መጭመቂያውም አለ። ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ስለኖርኩ ባሩዱን የሚሰፍርባትን ማንኪያ እንኳ አውቃታለሁ። የማላውቀው ቅባቱን ነው። እርሳሱን በሞተር ዘይት ቀብቼ ሦስት ጊዜ ብተኩስ ውስጧ እንደ ሬንጅ ተለጠፈና ጥይት የምትጎርስበት ከበሮዋ አልዞር አለ። ባዶ ቀለሆቹም አረንጓዴ አውጥተዋል።

እናትህ እንደዚህ ያሉ የድሮ ሽጉጦች የሚተኮሱበት ክለብ ውስጥ ትሠራለህ ብላኛለች። በምን ይታጠባል? በምን ይቀባል? ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ አልማዜ


ቤንዲጎ፣ ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ አልማዜ

ሰላምታዬ አገር አቋርጦ ይድረስዎ። የእጅ ጽሑፍዎን ፖስታው ላይ ሳየው የሰው ሞት ሊያረዱኝ መስሎኝ ቆሜ ነው የከፈትኩት። ዝንጀሮ መሆኑን ሳነብ ተቀመጥኩ።

እናቴ ያለችው እውነት ነው። ክለቡ ውስጥ ሣር አጭዳለሁ፣ የወደቀ ቀለህ እለቅማለሁ፤ ከጊዜ በኋላ ሬይ የሚባል ሽማግሌ ጥይቱን እንዴት እንደሚያዘጋጅ አስተማረኝ። ሬይ በጥቁር ባሩድ ብቻ ነው የሚተኩሰው። ሲጨርስ ልብሱ ሁሉ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል።

የሞተር ዘይቱን ዛሬውኑ ይተዉት። የማዕድን ዘይት ከጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ጋር ሲገናኝ ያዩትን ሬንጅ ነው የሚሠራው። የሚፈልጉት ንጹሕ ሰምና የበግ ላት ነው። ላቱን ጨው ሳይነካው አቅልጠው ያጥሉት፤ ከዚያ ከሰሙ ጋር እኩል ለእኩል ያዋህዱት። እዚህ ሰሙን ይቀንሱታል፤ በአቦቦ ሙቀት ግን ሰሙ ካነሰ ቅባቱ ይቀልጥና ወደ ባሩዱ ይወርዳል። ቅባት የጠጣ ባሩድ የሞተ ባሩድ ነው። ቅባቱ በእርሳሱ ወገብ ላይ ያሉትን ቦዮች ይሙላ፤ በእርሳሱና በባሩዱ መካከል ደግሞ በልክ የተቆረጠች የካርቶን ክብ ትግባ።

ለማጽዳት ውድ ነገር አያስፈልግም። የተተኮሱትን ቀለሆች በዚያው ቀን ሙቅ ውኃና ሳሙና ውስጥ ይዘፍዝፏቸው። አረንጓዴ ያወጡትን ሎሚ ጠብ በተደረገበት ውኃ ለጥቂት ደቂቃ አቆይተው በደንብ ያለቅልቁ። ፀሐይ ላይ ሙሉ ቀን ይድረቁ፤ ውስጣቸው እርጥበት ከቀረ አይሙሏቸው። ሽጉጧም እንደዚሁ በፈላ ውኃ ትታጠብ፤ ስትደርቅ ያንኑ ቅባት በስሱ ይቀቧት። አንድ ነገር አደራ፤ ሰው የዘመኑን ባሩድ ቢሰጥዎ እንዳይሞክሩት። ሽጉጧ አትችለውም፤ እጅዎ ላይ ትበታተናለች።

ልጅዎ ናዝሬትስ እንዴት ናት? አግብታ ዲማ ከገባች ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩላት፤ አልመለሰችም። እንዲህ ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም።

ልጅዎ አብኔር


አቦቦ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብኔር

የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ። እንዳልከው አደረግኩ። ሰሙን ማር ከሚያመጡልን ሰዎች ገዛሁ። ላቱን ሳቀልጥ ድመቱ ከእግሬ ስር አልወጣ አለ። ቀለሆቹ እንደ አዲስ ሳንቲም ጠሩ። አምስት ተኩሼ አምስቱም ሠሩ፤ ከበሮዋም ሳትይዝ ዞረች። ዝንጀሮዎቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝር አላሉም።

አሁን ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። ስድስቱንም ሞልቼ ባስቀምጣት ለምን ያህል ቀን ሳትበላሽ ትቆያለች? በአሥር እርምጃ ላይ ኃይሏ ምን ያህል ነው? የሳንቃ በር ታልፋለች? ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ማለቴ አውሬ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ የቱ ላይ ነው ማነጣጠር ያለብኝ?

ናዝሬት ደህና ናት።

ይህን ጉዳይ ለእናትህ አትንገራት። እሷ የሰማችውን ጋምቤላ በሙሉ ይሰማዋል።

አክስትህ አልማዜ


ቤንዲጎ፣ መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ አልማዜ

ጤናዎና ሰላምዎ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ትንሽ ሸሽቶኛል እንጂ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያሳስብዎ ሌላ ነገር ካለ ሊነግሩኝ ይችላሉ። ልጅ ነው ብለው አይለፉኝ።

ለጠየቁኝ መልሱ፣ ሽጉጧ አሮጌ ስለሆነች ስለ ኃይሏ በሩቁ መናገር አልችልም። ስለ ቅባቱ ግን በፊት የነገርኩዎን ማረም አለብኝ። ሰሙ ሲቆይ ይደርቅና ጥይቱን ያንቀዋል። ለብዙ ቀን ተሞልታ የምትቀመጥ ከሆነ ሰሙን ይተዉት። ላቱን ብቻ በትንሽ የምግብ ዘይት አለስልሰው ይቀቡ፤ የካርቶን ክቧም አታስፈልግም። ቅባቱም በዛ ይበል። በፊት የሠሯቸውን ጥይቶች ፈትተው በዚህ እንደገና ይሥሯቸው። ሽጉጧን በር አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ስር ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጧት፤ እርጥበት እንዳያገኛት።

ናዝሬት በእጇ ሁለት መስመር ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ አብኔር


ቤንዲጎ፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ አልማዜ

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ይያዙልኝ። ስልክዎን ስምንት ቀን ሙሉ ሞከርኩ፤ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው ይላል። ሊናም ለሥልጠና አዲስ አበባ ገብታ የአቦቦን ወሬ አታውቅም።

ባለፈው የጻፍኩልዎ ቅባት ስሕተት ነው። በዚያ የሠሩትን ጥይት እንዳይተኩሱ። ሬይን ጠየቅኩት፤ «ባሩዱ ከሞተ ከቀለሁ ቂጥ ያለው መለኮሻ ብቻ ፈንድቶ እርሳሱን ግማሽ መንገድ ይገፋዋል» አለኝ። «እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሌላ ጥይት ከኋላው ከተተኮሰ ሽጉጡ ይፈነዳል፤ የተኳሹ እጅ ይሄዳል።» እጅዎ ይሄዳል ማለቱ ነው።

ሽጉጧን ባዶ ያድርጓት፤ ይቆልፉባት። ደብዳቤው በደረሰዎ ቀን በማንም ስልክ ይደውሉልኝ። ሌሊት ቢሆን ግድ የለም።

አብኔር


አቦቦ፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአብኔር

እግዚአብሔር ያቆይህ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ አለመሆኑን አይተሃል። የምትጽፈው ናዝሬት ናት፤ እኔ የምናገረውን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። ቀኝ እጄ ከክርኔ በታች ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው። መጋቢት 27 የጻፍከው የደረሰኝ ሚያዝያ 20 ነው። ነገሩ የሆነው ከሳምንት በፊት፣ ሚያዝያ 13 ቀን ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ናዝሬት ከዲማ የመጣችው ጥር 4 ቀን ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ጓዳ ተኝታ ነበር። ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰንጥቋል፤ የሁለት ወር ነፍሰ ጡርም ነበረች። ባሏን ጥዑመልሳንን በሠርጉ ፎቶ አይተኸዋል፤ ወርቅ ከቆፋሪዎች እየገዛ የሚሸጠው። እናቱ ስሙን ስታወጣለት ምን እንዳየች አላውቅም፤ አንደበቱ በእርግጥ ማር ነው። ለሽማግሌ ሲናገር ተደብዳቢው እሱ፣ ደብዳቢዋ እሷ ትመስላለች። በየሳምንቱ ሰው ይልክ ነበር፤ «በፈቃዷ ካልመጣች መጥቼ እወስዳታለሁ» እያለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ። መዘገቡልኝ፤ ሰውየው ግን ዲማ ነው፣ እኛ አቦቦ ነን። ጤና ጣቢያ አብራኝ የሠራችው ኛቡዋይ በየቀኑ እየመጣች ጎኗን ታይላት ነበር። ከእሷና ከፖሊሶቹ ሌላ የነገርኩት ሰው የለም።

በዐቢይ ጾም እጄን በላት ለውሼ አንተ ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ስምንት ጥይት በአዲሱ ቅባት ሠርቼ ስድስቱን ሞላኋት።

የኒቆዲሞስ ዕለት፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወርድ ሞተር ሳይክል አጥሩ ጋ ቆመ። ጥዑመልሳን ነው። ብቻውን ነበር፤ መሣሪያም አልያዘም። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። አይቻልም አልኩት። አልተቆጣም። አጥሩን ገፍቶ ገባ። እኔ በሩ ላይ ሽጉጧን ይዤ ቆምኩ። «በሷ ዝንጀሮ እንኳ አይሞትም» ብሎ ሳቀ፤ መሄዱን አላቆመም። አሥር እርምጃ ቆጠርኩና ደረቱ ላይ ይዤ ቃታውን ሳብኩ።

እንደ ርችት ጢቅ አለች፤ ሌላ ምንም የለም። አፈሙዟ ላይ ላት የተቃጠለበት ድስት የሚመስል ጭስ ታየ። ደግሜ ብስብ ከበሮዋ አልዞር አለ። እርሳሱ በከበሮዋና በአፈሙዟ መካከል ተቀርቅሮ ይዟት ነው፤ ይህን በኋላ ያየው ጎረቤታችን አቶ ሙሄ ነው። ጥዑመልሳን ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እጄን ይዞ ጠመዘዘው፤ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ናዝሬት ዘነዘና ይዛ ወጥታ ትከሻውን መታችው። ሙሄና ወንድሙ ከእርሻ ሮጠው ደርሰው ያዙት። ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ሽጉጧንም ወሰዱ፤ እኔንም ሁለት ጊዜ ጠርተው ቃሌን ተቀበሉኝ።

ሙሄ ከተረፉት ሁለት ጥይቶች አንዱን ፈትቶ አሳየኝ። ባሩዱ እንደ ተለወሰ ኑግ ሆኗል። ሙቀቱ ነው አለ። እኔም ሙቀቱ ነው ብያለሁ። ግን በጥር የጻፍክልኝን አውጥቼ ከመጋቢቱ ጎን አስቀመጥኩት። በጥር ሰም ካነሰ ባሩዱ ይሞታል ብለህ ነበር። በመጋቢት ሰሙን ይተዉት አልክ። ሃያ ስምንት ዓመት የሐኪም ትእዛዝ ሳነብ ኖሬያለሁ።

ምን እንደምጠይቅህ ገብቶሃል።

አክስትህ አልማዜ፣ በናዝሬት እጅ


ቤንዲጎ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አልማዜ

ስለ እጅዎ ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ ጀምሬ ቀደድኩት። እርስዎ የጠየቁኝ ሌላ ነው።

ስሕተት አልነበረም። አውቄ ነው የጻፍኩት። የሳንቃ በር ብለው ሲጠይቁኝ ዝንጀሮ እንዳልሆነ ገባኝ። ናዝሬት ደህና ናት ያሉባት አንድ መስመር ደግሞ የቀረውን ነገረችኝ። ሰውየውን ገድለው በካቴና ሲሄዱ ታየኝ። አይሆንም ብል ሌላ ሰው ጠይቀው የዘመኑን ባሩድ ያገኛሉ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የማይተኩስ ጥይት እንዲሠሩ አደረግኩ። የቆርቆሮው ስር ሙቀትም እንዲያቀልጠው ብዬ ነው።

ለእርስዎ ብዬ ነው እል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ለራሴ ነው። ሰው የተገደለበትን ጥይት ያስተማረ መሆን አልፈለግኩም። እርሳሱ ሊቀረቀር እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ከበሮዋ ዞራ ቢሆን እጅዎን የምወስደው እኔ ነበርኩ። መጋቢት 27 ስጽፍልዎም ስሕተት ነው አልኩ እንጂ እውነቱን አልጻፍኩም፤ ያኔ እንኳ ፈራሁ።

ሬይ ነገሩን ስነግረው የያዛቸውን ቀለሆች አጥቦ ጨረሰ። በመጨረሻ «የሚያምንህን ሰው ማታለል ከመከልከል ይቀላል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መሙያው ክፍል አልገባሁም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት አፍ የለኝም። መልስ ባይጽፉልኝ ይገባኛል። የናዝሬትን ጤንነት ብቻ በሊና በኩል ያሰሙኝ።

አብኔር


አቦቦ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብኔር

ዘመኑን በሰላም ያሻገረን ይመስገን። እጄ ድኗል፤ ጽሑፌ ከተጣመመ ታገሠኝ፣ ጣቶቼ ገና ይደነዝዛሉ።

ደብዳቤህ ሐምሌ ላይ ደረሰኝ። ሦስት ወር ያልመለስኩልህ ስለተቆጣሁ ነው፤ ሌላ ሰበብ አልፈጥርም። በሥራ ዘመኔ ለታካሚ ሳልነግር መድኃኒት ለውጬ አላውቅም። አንተ ለወጥክብኝ። ፈራሁ ብትለኝ ኖሮ እቆጣህ ነበር፤ እሰድብህም ይሆናል። ግን ሌሊት ተኝቼ አስበው ነበር። ምናልባት ናዝሬትን ይዤ ጋምቤላ የኛቡዋይ እህት ቤት እገባ ነበር፤ ቦታ አላት፣ ኛቡዋይም ጠይቃኝ ነበር። ብቻዬን እንደማስብ ሳላውቅ ብቻዬን ተውከኝ።

ሽጉጧ ሠርታ ቢሆንስ የሚለውንም አስቤበታለሁ። ጀሶ ታስሮ የሚተኛ ሰው የማያስበው የለም። ያን ዕለት እገድለው ነበር። አልጸጸትም ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር፤ ነሐሴ 11 ቀን ሕፃኗ እስክትወለድ ድረስ። ያዋለደቻት ኛቡዋይ ናት፤ እኔ በግራ እጄ መብራት ያዝኩ። ግንባሯ የአባቷ ነው። አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ የምልበት ቀን ይመጣ ነበር። ስለዚህ አላመሰግንህም፤ አልረግምህምም። ሁለቱንም ሞከርኩ፣ አንዱም አልያዘልኝም።

እኔም ዋሽቼሃለሁ። ዝንጀሮ አልኩህ፤ ደህና ናት አልኩህ።

የመጋቢቱንና የሰኔውን ደብዳቤህን ለናዝሬት አነበብኩላት። የሚያስቅ ነገር የሰማች ይመስል ፈገግ አለች፤ ቀጥላ አለቀሰች። «አንቺ ልትገድዪልኝ፣ እሱ ሊያስተርፍልኝ፤ ሁለታችሁም ምን ትፈልጊያለሽ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም» አለችኝ። ምን ትፈልጊ ነበር አልኳት። «ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱ ፊቴ ተቀምጦ፣ ያደረገኝን አንድ በአንድ ልናገር» አለች።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ኅዳር 3 ቀን ጋምቤላ ነው። ዘመዶቹ ሽማግሌ መላክ አላቆሙም። ትናንት የመጣው ሽማግሌ ለልጅቱ ስትሉ ታረቁ አለን። ከመንገድ ማዶ የማናውቀው ሞተር ሳይክል ሦስት ቀን ቆሞ ዋለ። ሙሄ አጥራችን ስር አልጋ አንጥፎ ያድራል። እፈራለሁ፤ ይኸው ነገርኩህ። ናዝሬትም ትፈራለች። ትናንት የምትናገረውን ስትለማመድ ሰማኋት፤ ጡት እያጠባች፣ ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው ጥፊ ጀምራ። የጎን አጥንቷ ጋ ስትደርስ ቃሉ ይጠፋባታል። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ሽጉጧ ፖሊስ ጣቢያ ናት። የባሩዱን ጠርሙስና መጭመቂያውንም ወስጄ አስረክቤያለሁ።

ኅዳር 3 ቀን ሊና የሞባይል ካርድ ገዝታልን ጋምቤላ ሆነን እንደውልልሃለን። የፈረዱለትም እንደሆነ፣ ናዝሬት አንድ ቃል ሳትናገር የወጣችም እንደሆነ፣ የሆነውን እንነግርሃለን። ስልክህ ክፍት ይሁን።

አክስትህ አልማዜ

አብኔር፣ እኔ ናዝሬት ነኝ። ወደ ዲማ የላክሃቸው ደብዳቤዎች ደርሰውኝ ነበር። የጻፍኳቸውን መልሶች እሱ ቀደዳቸው። ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ስለማመድ የጎኔን አንድ ጊዜ ሳላቋርጥ ተናገርኩት።